የቀያይ ከዋክብት ዓለሞችና የምርምራቸው ታሪክ

ሌሊት ቀና ብሎ ሰማይን የሚመለከት ሰው ሁሉ በልቡ የሚያነሣው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ከዚህች ከምንኖርባት ምድር በቀር ሕይወት ያለበት ሌላ ዓለም ይኖር ይሆን?» የሚል ነው። ጥያቄው ጥንታዊ ነው፤ ነገር ግን ለብዙ ዘመን የፈላስፎችና የባለ ቅኔዎች ጥያቄ ሆኖ ኖረ እንጂ በመለኪያና በቍጥር የሚመረመር አልነበረም። በመለኪያ መመርመር ከተጀመረ ገና አንድ መቶ ዓመት ያህል ቢሆን ነው። በዚህም አጭር ጊዜ ውስጥ አንዳንዶቹ ሊቃውንት ብዙ ጊዜ «አገኘን» ብለዋል፤ ሌሎቹም ተነሥተው ሥራውን እንደ ገና መርምረው «አልተገኘም» ብለዋል። እኔም በዚህ በትምህርት ቤታችን የመታሰቢያ መጽሔት ላይ ልጽፍበት የመረጥሁት የዚህን ምርምር ታሪክ ነው። የተገኘው ዕውቀት ብቻ ሳይሆን ዕውቀቱ የተገኘበት መንገድ ራሱ ለእኛ ለተማሮች ትልቅ ትምህርት እንዳለበት አምናለሁና። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ልብ እንዲል እለምናለሁ።

ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት ቀይ ድንክ ኮከብ ምን እንደ ሆነ በአጭሩ መግለጽ ይገባኛል። ከዋክብት ሁሉ እንደ ፀሐያችን የጋሉ የጋዝ ክምችቶች ናቸው፤ ዳሩ ግን መጠናቸው እኩል አይደለም። ከፀሐይ እጅግ የሚበልጡ አሉ፤ እጅግ የሚያንሱም አሉ። ቀያይ ድንኮች የሚባሉት ከሁሉ ያነሱት ናቸው። ብዙዎቹ ክብደታቸው ከፀሐይ ክብደት እኩሌታ በታች ነው። የፀሐይ ፊት 5,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሲግል የእነርሱ ግን ከ2,200 እስከ 3,500 ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለ ሆነ፥ ብርሃናቸው ሊከስም እንደ ተቃረበ ፍም የቀላ ነው። ከድካማቸው የተነሣ ያለ መነጽር የሚታይ ከመካከላቸው የለም ማለት ይቻላል። ሆኖም በቍጥር ሌሎቹን ሁሉ ይበልጣሉ፤ ፀሐያችን ባለችበት በፍኖተ ሐሊብ ውስጥ ከአራት ከዋክብት ሦስቱ ያህል ቀያይ ድንኮች ናቸው። ዕድሜያቸውም እንዲሁ ረጅም ነው። ፀሐይ በጠቅላላው 10 ቢሊዮን ዓመት ያህል ስታበራ፥ እነርሱ ነዳጃቸውን እየቈጠቡ ስለሚያነዱ ከዚያ ብዙ እጅ የሚበልጥ ዘመን ይቈያሉ።

እንግዲህ ጥያቄው ቀላል ጥያቄ አለመሆኑ ከዚህ ይታወቃል። በእነዚህ ከዋክብት አጠገብ ሕይወት ሊበቅል የሚችል ከሆነ ሰማዩ በመኖሪያ የተሞላ ሊሆን ይችላል። የማይችል ከሆነ ግን አብዛኞቹ የሰማይ መብራቶች የሚያበሩት ለባዶ ቤት ነው፤ ምድራችንም ከምናስበው ይልቅ ብርቅ ናት።

የምርምሩ ታሪክ የሚጀምረው በአፍሪካ ምድር ነው። በጆሃንስበርግ ከተማ ዩኒየን ይባል በነበረው የከዋክብት መመልከቻ ቤት ሮበርት ኢነስ የሚባል ሰው አለቃ ነበር። ኢነስ በ1861 በኤዲንብራ ከተማ የተወለደ ስኮትላንዳዊ ነው። በ12 ዓመቱ ከትምህርት ቤት ወጣ፤ በኋላም ወደ አውስትራልያ ሄዶ በሲድኒ ከተማ የወይን ጠጅ ነጋዴ ሆነ። የከዋክብትን ዕውቀት ያገኘው በገዛ ጥረቱ ነው። በ1915 ይህ ሰው በ1910 እና በ1915 የተነሡ ሁለት የአንድ ሰማይ ክፍል ፎቶግራፎችን በመሣሪያ እያፈራረቀ ተመለከተ። ሌሎቹ ከዋክብት በየቦታቸው ረግተው ሲታዩ አንዲት ደካማ ነጥብ ግን ወዲያና ወዲህ ስትዘል ታየችው። ይህች ነጥብ አልፋ ሴንታውሪ ከሚባለው ብሩህ ኮከብ ጋራ የምትጓዝ ቀይ ድንክ ኮከብ ነበረች። ኢነስም ከፀሐይ ቀጥሎ ለእኛ የቀረበች እርሷ ናት ሲል «ፕሮክሲማ» ብላ እንድትጠራ አሳብ አቀረበ፤ ትርጓሜውም በላቲን ቋንቋ «እጅግ የቀረበች» ማለት ነው። የኋላ ልክም ቃሉን አጸናለት። ርቀቷ 4.24 የብርሃን ዓመት ነው፤ ይህም ማለት ብርሃን በአንድ ሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ከእርሷ ወደ እኛ ለመድረስ ከአራት ዓመት በላይ ይፈጅበታል ማለት ነው። በሀገራችን በግንቦት ወር ምሽት ወደ ደቡብ የሚመለከት ሰው አልፋ ሴንታውሪን ከአድማስ ከፍ ብሎ ሲያበራ ያየዋል። በለንደን ወይም በፓሪስ የሚኖር ሰው ግን ይህን ኮከብ ከቤቱ ሆኖ ሊያየው ከቶ አይችልም።

በሚቀጥለው ዓመት በ1916 አሜሪካዊው ኤድዋርድ ኤመርሰን ባርናርድ ሌላ ቀይ ድንክ አገኘ። ባርናርድ በናሽቪል ከተማ በድህነት ያደገ፥ በዘጠኝ ዓመቱም በፎቶግራፍ ቤት ተቀጥሮ መሥራት የጀመረ ሰው ነበር። በስሙ የተጠራው ኮከብ 6 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል፤ ከከዋክብትም ሁሉ ይልቅ በሰማይ ላይ ፈጥኖ የሚጓዝ ነው። ፈጥኖ ይጓዛል ብንልም የሙሉ ጨረቃን ስፋት ያህል ለመሄድ 175 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል።

ከዚህ በኋላ የታሪካችን የመጀመሪያው ትልቅ ፈተና መጣ። ፒተር ቫን ደ ካምፕ የሚባል የሆላንድ ተወላጅ በፔንሲልቫንያ በስዋርዝሞር ኮሌጅ በሚገኘው የስፕራውል መመልከቻ ቤት ሆኖ ከ1938 ጀምሮ የባርናርድን ኮከብ ፎቶግራፍ ሳያቋርጥ ያነሣ ነበር። አሳቡ ይህ ነው፤ ፕላኔት በኮከብ ዙሪያ ሲዞር ኮከቡም በበኩሉ በጥቂቱ ይሳባል፤ ጐልማሳ ሰው ሕፃን ልጅን በሁለት እጁ ይዞ ሲያሽከረክር የጐልማሳው ገላ ጭምር እንደሚወዛወዝ ማለት ነው። በ1963 ቫን ደ ካምፕ ኮከቡ ሲወዛወዝ አይቻለሁ፤ ከጁፒተር አንድ ጊዜ ተኩል በላይ የሚከብድ ፕላኔት በ24 ዓመት አንድ ጊዜ ይዞረዋል ሲል አስታወቀ። ሰው ሁሉ አመነው፤ ነገሩም በብዙ መጻሕፍት ተጻፈ። ነገር ግን በ1973 ጆርጅ ጌትውድና ሃይንሪክ አይክሆርን የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት በሌላ መነጽር የተነሡ ፎቶግራፎችን ቢመረምሩ ውዝዋዜውን ፈጽመው አጡት። በዚያው ዓመት የቫን ደ ካምፕ የሥራ ባልደረባ የነበረው ጆን ኸርሺ በስፕራውል የተነሡትን የሌሎች ከዋክብት ፎቶግራፎች ቢያይ እነርሱም በተመሳሳይ ጊዜ የተወዛወዙ መስለው ተገኙ፤ ይህም የሆነው መነጽሩ በታደሰባቸውና በተስተካከለባቸው ዓመታት ነበር። የተወዛወዘው እንግዲህ ኮከቡ ሳይሆን መነጽሩ ኖሯል። ቫን ደ ካምፕ ግን በ1995 እስኪሞት ድረስ ይህን አልተቀበለም።

ፕላኔቶቹ ገና ሳይገኙ «ቢገኙስ ለሕይወት ይመቻሉ ወይ?» የሚለው ክርክር ተጀመረ። በ1959 የቻይና ተወላጅ የሆነው ሱ ሹ ኋንግ በእያንዳንዱ ኮከብ ዙሪያ ለሕይወት የሚመች ክልል አለ ብሎ ጻፈ። ይህም ክልል ውሃ ሳይተንና ሳይረጋ ፈሳሽ ሆኖ ሊቈይ የሚችልበት ስፍራ ነው። ነገሩን በምሳሌ ብንገልጸው፥ ታላቅ ደመራ ሲነድ ሰው ራቅ ብሎ ይሞቃል፤ በከሰል ምድጃ ግን ካልተጠጋ አይሞቀውም። የቀይ ድንክ እሳት እንደ ከሰል ምድጃ ትንሽ ስለ ሆነ ፕላኔቱ ወደ እርሱ እጅግ መቅረብ አለበት።

መቅረቡ ግን ሁለት መከራ ያመጣል። አንደኛው፥ ጨረቃ ለምድራችን ሁልጊዜ አንዱን ፊቷን ብቻ እንደምታሳይ፥ ለኮከቡ የቀረበ ፕላኔትም በስበት ኀይል ተይዞ አንዱን ፊቱን ብቻ ለኮከቡ ሊሰጥ ይችላል። ያን ጊዜ በአንዱ ወገን የማይመሽ ቀን፥ በሌላው ወገን የማይነጋ ሌሊት ይሆናል፤ በሌሊቱም ወገን አየሩ ራሱ ቀዝቅዞ እንደ አመዳይ መሬት ላይ ይወድቃል ተብሎ ተፈራ። እስጢፋኖስ ዶል የተባለው አሜሪካዊ በ1964 ስለ ሰው መኖሪያ ሊሆኑ ስለሚችሉ ፕላኔቶች በጻፈው መጽሐፍ በዚህ ምክንያት ቀያይ ድንኮችን ከተስፋ ውጭ አደረጋቸው። ሁለተኛው መከራ የኮከቦቹ ጠባይ ነው። ሃርሎ ሻፕሊ በ1951 የቆዩ ፎቶግራፎችን መርምሮ ፕሮክሲማ አልፎ አልፎ በድንገት ቦግ የምትል ኮከብ መሆኗን ገልጧል። ብዙዎቹ ቀያይ ድንኮች እንዲሁ ናቸው፤ በቦግታቸውም ጊዜ የሚወጣው ብርቱ ጨረር የፕላኔቱን አየር ቀስ በቀስ ገፎ ሊወስድ ይችላል።

ፍርዱ ግን በዚህ አልጸናም። በ1997 ማኖጅ ጆሺና ባልደረቦቹ የአየርን እንቅስቃሴ በኮምፒዩተር አስልተው፥ ፕላኔቱ ምድራችን ካላት አየር አሥረኛውን እጅ ያህል እንኳ ወፍራም አየር ቢኖረው ነፋሱ ሙቀትን ከቀኑ ወገን ወደ ሌሊቱ ወገን ስለሚያደርስ አየሩ እንደማይረጋ አሳዩ። ስለዚህ ተዘግቶ የነበረው በር እንደ ገና ተከፈተ፤ ጥያቄውም ሁሉ ወደ አንድ ነገር ተሰበሰበ፤ ይኸውም «ፕላኔቶቹ አየራቸውን ሊጠብቁ ችለዋልን?» የሚል ነው።

በዚህ መካከል አዲስ የመፈለጊያ ዘዴ መጥቶ ነበር። መኪና እየጮኸ ወደ እኛ ሲመጣ ድምፁ ይቀጥናል፤ አልፎን ሲሄድ ይወፍራል። የኮከብ ብርሃንም እንዲሁ ኮከቡ ወደ እኛ ሲመጣ በጥቂቱ ወደ ሰማያዊ፥ ሲርቅ በጥቂቱ ወደ ቀይ ያደላል፤ ከዚህም ውዝዋዜው ይታወቃል። በዚህ ዘዴ በ1995 ሚሼል ማዮርና ዲድዬ ኬሎዝ ፀሐይን በሚመስል ኮከብ ዙሪያ የሚዞር ፕላኔት አገኙ፤ በ1998ም ግሊዘ 876 በሚባል ቀይ ድንክ ዙሪያ የሚዞር ተገኘ። በ2007 ደግሞ በ20 የብርሃን ዓመት ርቀት ባለው ግሊዘ 581 በተባለ ቀይ ድንክ አጠገብ ለሕይወት ይመቻሉ የተባሉ ፕላኔቶች መገኘታቸው ተነገረ፤ ዓለምም ተደነቀ። በጥቅምት ወር 2008 በክሪምያ ካለው የኤቭፓቶርያ ታላቅ የራዲዮ አንቴና ወደዚያ ስፍራ የሰዎች መልእክት ተላከ፤ መልእክቱም የሚደርሰው በ2029 ነው። በ2010 ከሁሉ የሚመች የተባለ ሌላ ፕላኔት በዚያው ኮከብ ዙሪያ ተገኘ ተባለ። ነገር ግን በ2014 ፖል ሮበርትሰንና ባልደረቦቹ የኮከቡን ፊት ጠባይ ቢመረምሩ፥ ከተነገሩት ፕላኔቶች ሁለቱ በኮከቡ ፊት ላይ ያሉ ጥቍር ነጥቦች ያመጧቸው ጥላዎች እንጂ ፕላኔቶች አለመሆናቸውን ገለጹ። ከእነዚህም ሁለቱ አንዱ ያ ከሁሉ የሚመች የተባለው ነበር። መልእክቱ ግን እስከ ዛሬ ድረስ በመንገድ ላይ ነው።

ከብዙ ትዕግሥት በኋላ እውነተኛው ጎረቤት ተገኘ። በነሐሴ ወር 2016 ጊዬም አንግላዳ እስኩዴ የሚመራቸው ሊቃውንት በቺሌ አገር በላ ሲያ ተራራ ላይ ባለው ቴሌስኮፕ ተመልክተው፥ በፕሮክሲማ ዙሪያ በ11.2 ቀን አንድ ጊዜ የሚዞር፥ ክብደቱም ከምድራችን ክብደት ብዙ የማይርቅ ፕላኔት መኖሩን አስታወቁ። የኮከቧ ውዝዋዜ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ይህም የእግረኛ ሰው እርምጃ ነው። ከ40 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀት የእርምጃን ያህል ፍጥነት መለካት ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ አንባቢ ይፍረድ። በ2020 ሌሎች መርማሪዎች በተሻለ መሣሪያ እንደ ገና ለክተው ነገሩ እውነት መሆኑን አረጋገጡ። ፕላኔቱ ለሕይወት በሚመቸው ክልል ውስጥ ነው። ይሁን እንጂ የኮከቧ ቍጣ ያስፈራል። በመጋቢት 2016 ፕሮክሲማ ለጥቂት ጊዜ ያለ መነጽር እስከምትታይ ድረስ ቦግ ብላለች፤ በግንቦት 2019 ደግሞ የአልትራ ቫዮሌት ጨረሯ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ 14,000 እጥፍ ሆኗል። ፕላኔቱም ከእርሷ የሚርቀው 7 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ምድራችን ግን ከፀሐይ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ትርቃለች።

ሌላም ዘዴ አለ። ትንኝ በፋኖስ ፊት ስታልፍ ብርሃኑ በጥቂቱ እንደሚደበዝዝ፥ ፕላኔትም በኮከቡ ፊት ሲያልፍ ብርሃኑ ይቀንሳል። በዚህ ዘዴ የቤልጅጉ የልየዥ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሚካኤል ጂዮንና ባልደረቦቹ በየካቲት 2017 ትራፒስት 1 በሚባል እጅግ ትንሽ ቀይ ድንክ ዙሪያ ሰባት ፕላኔቶች መኖራቸውን ገለጹ። ርቀቱ 40 የብርሃን ዓመት ያህል ነው። ሰባቱም በመጠን ምድራችንን የሚቀራረቡ ናቸው፤ ሦስቱም ለሕይወት በሚመቸው ክልል ውስጥ ይዞራሉ።

እነዚህ ፕላኔቶች በኮከባቸው ፊት ስለሚያልፉ አየር እንዳላቸውና እንደሌላቸው ሊመረመሩ ይችላሉ። በታኅሣሥ 2021 ወደ ሰማይ የተላከው ጄምስ ዌብ የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ይህን ሥራ ጀመረ። በመጋቢት 2023 ከኮከቡ አንደኛ የሆነው ፕላኔት የቀን ወገኑ 230 ዲግሪ ያህል የጋለ መሆኑ ታወቀ፤ ይህም ሙቀትን ወደ ሌሊቱ ወገን የሚያደርስ አየር የሌለው ራቍት ዐለት እንደ ሆነ ያመለክታል። በዚያው ዓመት በሰኔ ሁለተኛው ፕላኔት ወፍራም የካርቦን ዳይኦክሳይድ አየር እንደሌለው ተገለጸ። ሁለቱም ግን ለሕይወት ከሚመቸው ክልል ይልቅ ወደ እሳቱ የቀረቡ ናቸው። ተስፋው ሁሉ የተጣለው በአራተኛው ላይ ነው። በ2025 ስለ እርሱ የወጣው የመጀመሪያ ውጤት በሃይድሮጅን የተሞላ አየር እንደሌለው አሳይቷል፤ ሌላ ዓይነት አየር ይኑረው ወይም ራቍቱን ይሁን ግን ከኮከቡ ነጥቦች የሚመጣው ጥላ ስለሚያደናግር ገና አልተለየም። ሊቃውንቱም ይህንኑ በግልጥ ጽፈዋል።

የባርናርድስ ኮከብ ምን ሆነ? በ2018 በ233 ቀን የሚዞረው ፕላኔት ተገኘ ተብሎ ነበር፤ በ2021 ሌሎች መርምረው የኮከቡ የራሱ ጠባይ እንጂ ፕላኔት አይደለም አሉ። በመጨረሻ በ2024 በሦስት ቀን ከጥቂት ሰዓት የሚዞረው አንድ ትንሽ ፕላኔት ተገኘ፤ በ2025 ደግሞ በሌላ ቴሌስኮፕ የተመለከቱ ሌሎች ሰዎች ይህን አጽንተው ፕላኔቶቹ አራት መሆናቸውን ገለጹ። አራቱም ከምድራችን ያነሱና ለኮከቡ እጅግ የቀረቡ ስለ ሆኑ ለሕይወት አይመቹም። ቫን ደ ካምፕ አየሁ ካለ ከስድሳ ዓመት በኋላ ኮከቡ በእርግጥ ባለ ፕላኔት ሆነ፤ ነገር ግን ከተገኙት አንዱ ስንኳ እርሱ አየሁ ያለው አይደለም።

ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? እኔ እንደማስበው፥ በሰው ዘንድ የሚያስከብረው አለመሳሳት ብቻ አይደለም። ስለ ቀይ ድንክ ባይሆንም በዚሁ የፕላኔት ፍለጋ የሆነ አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጥቀስ። እንግሊዛዊው አንድሩ ላይን በ1991 ፑልሳር በሚባል የሞተ ኮከብ ዙሪያ ፕላኔት አገኘሁ ብሎ ነበር። በጥር 1992 በአትላንታ ከተማ በተደረገው የሊቃውንት ጉባኤ ፊት ቆሞ የምድርን ዙረት በሚገባ ባለማስላቱ መሳሳቱንና ፕላኔቱ አለመኖሩን በገዛ አፉ ተናገረ። ጉባኤውም ተነሥቶ አጨበጨበለት። ቫን ደ ካምፕ ትጉህና የተማረ ሰው ነበር፤ ለሠላሳ ዓመት የሚሆን ድካሙም የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ሁለቱን ሰዎች ብናነጻጽር እውነትን ያገለገለው የትኛው እንደ ሆነ ግልጥ ነው። አባቶቻችን «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላሉ፤ ፍለጋው ግን ሌላም ነገር ያስተምረናል፤ ያፈሰሰችውን ለመልቀም የማታፍር ብፅዕት ናት።

ሁለተኛም ትምህርት አለ። አንዳንድ ሰዎች ስለ እነዚህ ዓለሞች ሲሰሙ ምድራችን ብትበላሽ የምንሸሽበት አገር የተገኘ ይመስላቸዋል። ቮየጀር 1 የተባለው መንኰራኵር በሰከንድ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል፤ ይሁንና የፕሮክሲማን ያህል ርቀት ለመሄድ ከ70,000 ዓመት በላይ ያስፈልገዋል። ስለዚህ የቀያይ ከዋክብት ዓለሞች የሚመረመሩ እንጂ የሚሸሹባቸው ስፍራዎች አይደሉም። አየር፥ ውሃና ልከኛ ሙቀት በአንድ ስፍራ ተባብረው መገኘታቸው ምን ያህል አስቸጋሪ እንደ ሆነ ካወቅን፥ ሦስቱም ሳይጐድሉ የተሰጡንን ቤት እንድንጠብቅ ግዴታ አለብን።

እንግዲህ ጥያቄው ገና አልተመለሰም። በኢነስ ጊዜ ያልታወቀው ፕላኔት በእኛ ጊዜ ታውቋል፤ በእኛ ጊዜ ያልታወቀው አየርም ከእኛ በኋላ በሚነሡት፥ ምናልባትም ይህን መጽሔት በእጃቸው ከያዙት ታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን መካከል በሚወጡት፥ ይታወቅ ይሆናል። ለዚያ ሥራ የሚያዘጋጃቸው ዛሬ በክፍል ውስጥ በልክ መለካትና በትክክል መቍጠር ነው፤ ከሁሉም በላይ ያላዩትን «አየሁ» አለማለት ነው።